ለጥያቄዎ መልስ፦ ሊኑክስን በአማርኛ ውክፔዲያ ስለ መጻፍ

ባለፉት ሳምንታት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚገናኙ በመሆናቸው አንድ ላይ ማስተናገዱን መርጠናል። ሦስቱም ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተላኩ ናቸው፤ አንደኛው ከቱሉ ዲምቱ፣ ሁለተኛው ከኮዬ ፈጬ፣ ሦስተኛው ከለገጣፎ። ጉዳያቸው ሊኑክስንና እርሱን የመሳሰሉ፣ ምንጭ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ሥርዓተ ክወናዎችን (ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን) ማንም ሰው በሚጽፍበትና በሚያርመው መዝገበ ዕውቀት፣ ማለትም በውክፔዲያ፣ በአማርኛ እንዴት መጻፍ እንደሚገባ ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ የጻፉትን አያይዘው ስለላኩልን መልሱ በእርሳቸው ላይ ረዘም ይላል።

ጥያቄ፦ «ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ነዋሪነቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ አስተምራለሁ። ስምንቱም ኮምፒውተሮቻችን አሮጌ በመሆናቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሁሉንም ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ወደሆነው ወደ ኡቡንቱ ቀይረናቸዋል። ተማሪዎቼ ስለሚሠሩበት ነገር በአማርኛ የሚያነቡት ስላጡ እኔው ራሴ በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ ሰፊ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ሦስት ሌሊት የፈጀብኝን ጽሑፍ አንድ የማላውቀው ተሳታፊ በማግስቱ ከግማሽ በላይ ቆርጦ ጣለው፤ ከላዩም ‹ማስታወቂያ ይመስላል፣ ምንጭም የለውም› የሚል ማሳሰቢያ ለጠፈበት። እኔ የማንንም ዕቃ አልሸጥኩም። ያለ ክፍያ ለሚታደል ነገር ማስታወቂያ እንዴት ይባላል? ጽሑፉን ልኬያለሁና አይተው ይፍረዱኝ።»

መልስ፦ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኡቡንቱን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስለ መጫን የጻፉት ክፍል፣ ፍላሹን ከማዘጋጀት ጀምሮ የሰዓት ክልሉን እስከ መምረጥ ድረስ፣ አንባቢን እጁን ይዞ የሚመራ በመሆኑ ለእኅቴ ልጅ አትሜ ልሰጠው አስቤአለሁ። ሆኖም ተሳታፊው መጀመሪያ የቆረጠው ይህንኑ ክፍል መሆኑ አላስገረመኝም። መዝገበ ዕውቀት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራውና ሌሎች ስለ እርሱ ምን እንዳሉ ይነግራል እንጂ፣ «ይህን ይጫኑ፣ ቀጥሎ ያንን ይምረጡ» አይልም። የአጫጫን መመሪያ ቦታው ሌላ ነው፤ በማሠልጠኛዎ ማስተማሪያ ወረቀት ላይ ወይም በፕሮጀክቱ በራሱ የሰነድ ክፍል ውስጥ ቢሆን በክብር ይቀመጣል፤ እዚያም ስሪቱ በተለወጠ ቁጥር የሚያድሰው ሰው ያገኛል።

ወደ ማስታወቂያው ክስ ልመለስ። የጽሑፍዎ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ኡቡንቱ ቫይረስ የማይደፍረው፣ ከዊንዶውስ በብዙ እጥፍ የሚፈጥን፣ ለአገራችን ወጣቶች ብቸኛ አማራጭ የሆነ ድንቅ ሥርዓተ ክወና ነው።» በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ፍርድ አለ፤ አንዱም ምስክር አልቀረበበትም። «ድንቅ» የእርስዎ ስሜት ነው። «በብዙ እጥፍ» የሚለውን ማን፣ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ፣ ምን ሲሠራ ለካው? «ብቸኛ» የሚለው ደግሞ ስሕተት ነው፤ ከሊኑክስ ቤተሰብ ውጭ እንኳ በ1993 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ስሪቱ የወጣውን ፍሪቢኤስዲን የመሰሉ ክፍት ሥርዓተ ክወናዎች አሉ። ስለ ቫይረሱ ከሆነ፣ በሊኑክስ ላይ የቆመ ሁሉ አይደፈርም የሚለውን እምነት በ2016 እ.ኤ.አ. የተዛመተው ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም አፍርሶታል፤ የያዛቸው የኢንተርኔት ካሜራዎችና የቤት ራውተሮች በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩና። ማስታወቂያ የሚያሰኘው የገንዘብ መኖር አለመኖር ሳይሆን የአጻጻፉ ቃና ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ያለ ክፍያም ያስተዋውቃል፤ እንዲያውም ያለ ክፍያ ሲሆን የበለጠ ይሞቀዋል።

ያንኑ ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «ኡቡንቱ በሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ላይ የተመሠረተና ዴቢያን ከተባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርዓት የተወለደ፣ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ሥርዓተ ክወና ሲሆን፣ የሚያዘጋጀው በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ የተቋቋመው ካኖኒካል የተባለ ኩባንያ ነው፤ የመጀመሪያው ስሪት፣ 4.10፣ ጥቅምት 10 ቀን 1997 ዓ.ም. ወጣ።» ደረቅ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ ነውም። ነገር ግን ተማሪዎ ከዚህ ዓረፍተ ነገር አምስት የሚጣራ ነገር ይዞ ይወጣል። የሊኑክስን ጉልበት ማሳየት ከፈለጉም ውዳሴውን ለአኃዝ ይተዉት፦ ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ዝርዝር ጀምሮ፣ በዓለም ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። «ድንቅ» ከሚለው ቃል ይልቅ ይህ ያስደንቃል፤ ምንጩም ዝርዝሩን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያወጡት ሰዎች ሰነድ ነው።

ስለ ምንጭ ሁለት ነገር ልጨምር። በአማርኛ የተጻፈ ምንጭ ስላላገኙ ባዶውን መተውዎን ጽፈውልኛል፤ ምንጩ ግን አማርኛ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም። በእንግሊዝኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ የታተመ፣ አንባቢ ሊያገኘው የሚችል አስተማማኝ ጽሑፍ ይበቃል። አንድ ስሪት መቼ እንደወጣ ለመግለጽ አዘጋጆቹ ያወጡት ማስታወቂያ በቂ ምስክር ነው፤ ፈጣን ወይም ምቹ መሆኑን ለመግለጽ ግን ከአዘጋጆቹ ውጭ የሆነ ሰው የጻፈው ያስፈልጋል፤ ልጅን እናቱ ቆንጆ ብትለው ማን ይታዘባታል? በማሠልጠኛዎ ያሉት ኮምፒውተሮች ለመነሳት ይወስዱት የነበረው ጊዜ ከሦስት ደቂቃ ወደ 40 ሰከንድ መውረዱንም ጽፈዋል። እኔ አምንዎታለሁ። ደሴ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ግን ቱሉ ዲምቱ መጥቶ ሰዓት ይዞ ካልቆመ በቀር ሊያጣራው የሚችልበት መንገድ ስለሌለ፣ በእጅ የተሞከረ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ እንኳ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ አይገባም።

ተሳታፊው ያልነካው፣ ግን ሊነካው ይገባ የነበረ ሌላ ስሕተት አለብዎት፤ እርሱም የቀን አቆጣጠር ነው። እኔም በዚሁ ጉድጓድ ወድቄ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ አልወቅስዎትም። ከዓመታት በፊት፣ ነጻ ሥርዓተ ክወና ለመሥራት ስለተጀመረው ስለ ግኑ ፕሮጀክት አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ ሪቻርድ ስቶልማን ሐሳቡን ይፋ ያደረገበትን ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. «መስከረም 17 ቀን 1976 ዓ.ም.» ብዬ መለስኩት፤ በአብዛኛው ዓመት ይህ ቀን መስቀል መሆኑን ከልጅነቴ ስለማውቅ ማመሳከሪያ እንኳ አልገለጥኩም። ከሳምንት በኋላ አንድ ተሳታፊ በውይይት ገጹ ላይ፣ 1975 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ እንደነበረና ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደሆነች፣ ስለዚህም 1976 የገባው ሴፕቴምበር 12 እንደነበረ፣ ግኑ የታወጀበትም ዕለት መስቀል ሳይሆን ደመራ፣ ማለትም መስከረም 16 እንደሆነ በትሕትና ጻፈልኝ። ቄስ ይሁን ፕሮግራመር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የእርስዎ ስሕተት ደግሞ የዓመት ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ አዲስ ሥርዓተ ክወና እየሠራ መሆኑን ሚኒክስ ለተባለው ሌላ ሥርዓተ ክወና ተጠቃሚዎች ያስታወቀው ኦገስት 25 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርስዎ ሰባት ቀንሰው «1984 ዓ.ም.» ብለዋል። ሰባት የሚቀነሰው ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ባሉት ወራት ብቻ ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ስምንት ይቀነሳል። ስለዚህ ቀኑ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወሩ እንደነበረ ሳስብ ይገርመኛል፤ ይህ ግን የእኔ ትዝታ እንጂ ለጽሑፉ የሚሆን አይደለም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጽፉ፣ የሚያርምዎት ሰው የት ላይ እንደተሳሳቱ ወዲያው ያያል።

በዚሁ ስሜት ተገፋፍተው የስሪት ቁጥሩንም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሰውታል፤ «ኡቡንቱ 16.08» የሚለውን ሳነብ ጥቂት ጊዜ ወስዶብኛል። የኡቡንቱ ቁጥር ከዓመቱና ከወሩ የሚወጣ መሆኑን ማወቅዎ ትክክል ነው፤ 24.04 ማለት ኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ነውና ሚያዝያ 2016 ይሆናል፤ ሚያዝያም ስምንተኛ ወራችን ነው። ቁጥሩ በወጣበት ወር መወሰኑን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌም አለ፤ በኤፕሪል 2006 እ.ኤ.አ. ሊወጣ ታቅዶ የነበረው ስሪት ሁለት ወር ስለዘገየ ስሙ 6.04 መሆኑ ቀርቶ 6.06 ተብሏል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ስም ነው፤ ስም ደግሞ አይተረጎምም። 16.08 የሚባል ኡቡንቱ በዓለም ላይ የለም፤ 16.04 ግን አለ፤ ተማሪዎ የእርስዎን ጽሑፍ ይዞ ቢፈልግ ከ24.04 ስምንት ዓመት ቀድሞ የወጣውን ስሪት አውርዶ ይጭናል። «የቅርብ ጊዜው ስሪት» የሚለውንም ያውጡት። አማርኛው ውክፔዲያ የሚያርሙት እጆች ጥቂት ስለሆኑ፣ ዛሬ የጻፉት «ቅርብ» ለአምስት ዓመት እዚያው ሊቀመጥ ይችላል፤ «በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የወጣው 24.04» ቢሉ ግን መቼም አያረጅብዎትም።

በተቆረጠው ቦታ ምን ልተካ ካሉ፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የማይነግረውን፣ የአማርኛ አንባቢ ግን ሊያውቀው የሚፈልገውን ይጻፉ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት ደረጃ) ውስጥ መግባቱን፣ አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ በዴቢያንና በኡቡንቱ ጥቅሎች ውስጥ መገኘቱን፣ አማርኛን በላቲን ፊደል ቁልፎች ለመጻፍ ሴራ የተባለው ዘዴ በሊኑክስ ላይ መሥራቱን ከነምንጩ የሚያትት አንቀጽ ቢኖርዎት፣ ያንን የሚቆርጥ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። አርእስቱንም ያስቡበት። አንዱ «ሊኑክስ»፣ ሌላው «ሊነክስ»፣ ሌላው «ሊናክስ» ብሎ ይፈልጋል፤ በአንዱ ስም ጽፈው ከሌሎቹ ወደ እርሱ የሚመራ ገጽ ቢያበጁ ሦስት ግማሽ ጽሑፍ ከመፈጠር ይድናል። «ነጻ» እና «ነፃ»፣ «ሥርዓት» እና «ስርአት» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው።

የተቆረጠው አልጠፋም። በታሪክ ገጹ ላይ እስከ ነጠላ ሰረዙ ተቀምጧልና የአጫጫን መመሪያዎን ከዚያ ያውጡት። ግን እልህ ይዞዎት የቀድሞውን ደጋግመው አይመልሱ፤ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ለምሳሌ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ መሻር ያሳግዳል። በውይይት ገጹ ላይ «ይህን ለምን ቆረጡት?» ብለው ይጠይቁ። ፍርዱን ከፈለጉ፣ እኔ ለቆራጩ ፈርጃለሁ፤ ሳያነጋግርዎት መቁረጡን ግን አልወደድኩለትም።

ጥያቄ፦ «ኮዬ ፈጬ የምኖር የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ‹ፍሪ ሶፍትዌር› የሚለውን ‹ነጻ ሶፍትዌር› ብዬ ብጽፍ ጓደኞቼ ‹በነጻ የሚሰጥ› ማለት ነው ብለው ይከራከሩኛል፤ የቱ ነው ትክክሉ? ሁለተኛ፣ የአንድ ሥርዓተ ክወና ሙሉ መመሪያ ክፍት ምንጭ ስለሆነ ወደ አማርኛ ተርጉሜ እንዳለ ውክፔዲያ ላይ ብለጥፈው ምን ችግር አለው?»

መልስ፦ ጓደኞችዎ የቋንቋውን ልማድ ይዘው ነው የሚከራከሩት። «በነጻ ወሰድኩት» ስንል ያልከፈልኩበት ማለታችን ነው፤ «ነጻ ወጣ» ስንል ግን ጌታ የሌለበት፣ በራሱ የሚያዝ ማለታችን ነው። ፍሪ ሶፍትዌር የሚለው ስያሜ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው አጠቃቀም ላይ «የተጠቃሚውን ነጻነት የሚያስከብር ሶፍትዌር» ብለው ቢያብራሩትና ከዚያ በኋላ «ነጻ ሶፍትዌር» እያሉ ቢቀጥሉ ይሻላል። ነጻነቶቹም አራት ናቸው፤ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ አሠራሩን ማጥናትና መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል፣ የለወጡትንም ማሠራጨት። ፕሮግራመሮች ቆጠራ የሚጀምሩት ከዜሮ ስለሆነ ዝርዝሩ ከ0 እስከ 3 የተቆጠረ ነው፤ «አራተኛው ነጻነት የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅዎት ሰው አይጠፋምና ይህንንም ጣል ያድርጉበት።

ዋጋና ነጻነት የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ከሊኑክስ ከራሱ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቶርቫልድስ ከርነሉን መጀመሪያ ያወጣበት ፈቃድ በገንዘብ ማሠራጨትን ይከለክል ነበር፤ ማለትም «በነጻ» እንዲሆን ግድ ይል ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ያንን ትቶ ስቶልማን ወዳዘጋጀው ጂፒኤል ወደተባለው ፈቃድ ሲያዛውረው፣ የመሸጥ ክልከላው ተነሣ፤ በምትኩ፣ የለወጠውን የሚያሠራጭ ሁሉ ምንጭ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ተገደደ። እንግዲህ «በነጻ» መሆኑ ሲላላ ነጻነቱ ጠነከረ ማለት ነው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያሰፍሩት የጓደኞችዎ ክርክር እዚያው ያበቃል። «ክፍት ምንጭ» የሚለው ስያሜ ግን በ1998 እ.ኤ.አ. የተፈጠረ ስለሆነ፣ «ቶርቫልድስ በ1991 ክፍት ምንጭ እንቅስቃሴን ተቀላቀለ» ብለው እንዳይጽፉ ይጠንቀቁ፤ ያኔ በዚያ ስም የሚጠራ ነገር አልነበረም።

ይህን ካነሣን አይቀር፣ ስሙ ራሱ የክርክር ርዕስ መሆኑን ማወቅ ይገባዎታል። ሊኑክስ በጥብቅ አነጋገር የከርነሉ ስም ነው፤ ከርነሉ ከማሽኑ አካላትና ከፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ (ሜሞሪ)፣ የፕሮሰሰሩን ጊዜና መሣሪያዎቹን የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። በዙሪያው ያሉት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከግኑ ፕሮጀክት የመጡ በመሆናቸው፣ ስቶልማንና ደጋፊዎቹ አጠቃላዩ ሥርዓት «ግኑ/ሊኑክስ» ሊባል ይገባል ይላሉ፤ አብዛኛው ሕዝብና ጋዜጣ ደግሞ «ሊኑክስ» ይላል። በኪስዎ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከርነሉ ሊኑክስ ሆኖ የግኑ መሣሪያዎች የማይታዩበት መሆኑን ሲያስቡት ክርክሩ ባዶ የቃል ጨዋታ እንዳልሆነ ይገባዎታል። የጸሐፊው ሥራ ሁለቱም ወገን ምን እንደሚል ከነባለቤቱ መጻፍ ነው፤ መፍረድ የእርስዎ ድርሻ አይደለም፤ እኔም እዚህ ላይ አልፈርድም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። «ክፍት ነው» ማለት «እንደፈለግሁ እገለብጠዋለሁ» ማለት አይደለም፤ ፈቃዶች እርስ በርስ የሚገጥሙና የማይገጥሙ አሉ። የውክፔዲያ ጽሑፍ የሚሠራጨው ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለው፣ ደራሲውን መጥቀስንና በዚያው ፈቃድ ማካፈልን በሚያስገድደው ፈቃድ፣ በ4.0 ስሪቱ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ፈቃድ ያለ ጽሑፍ ወደ ጂፒኤል 3 ሥራ ሊገባ ይችላል፤ በጂፒኤል የወጣ መመሪያ ግን ወደ ውክፔዲያ ሊገባ አይችልም። መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ መመሪያውን ከመተርጎምዎ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ፈቃዱን ያንብቡ። የሚገርመው፣ ውክፔዲያ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተጠቀመበት ፈቃድ የግኑ የሰነድ ፈቃድ ነበር፤ የተዘጋጀውም በዋናነት ለሶፍትዌር መመሪያዎች ነው። መዝገበ ዕውቀቱ የሶፍትዌር ሰነድ ልብስ ለብሶ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ልኩ ወደሆነው የተሻገረው። የሚሠራበት ሜዲያዊኪ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ እስከ ዛሬ በጂፒኤል የሚሠራጭ ነው።

ፈቃዱ ቢገጥም እንኳ፣ ለቱሉ ዲምቱው አንባቢ እንዳልኩት፣ ሙሉ መመሪያ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ቦታ የለውም። ከእንግሊዝኛው ውክፔዲያ መተርጎም ግን ይፈቀዳል፤ ከየትኛው ጽሑፍ እንደተረጎሙ በማጠቃለያው ሳጥን ውስጥ ከነማያያዣው መጥቀስ ግዴታዎ ነው። የማሽን ትርጉም ካስደረጉ እያንዳንዱን ቃል ይመርምሩ። ከርነልን «የእህል ፍሬ»፣ ሼልን (የትእዛዝ መቀበያውን) «ዛጎል»፣ ባግን (የፕሮግራም ስሕተትን) ደግሞ «ትኋን» ያደረገ ትርጉም አጋጥሞኝ፣ ስለ ኮምፒውተር ሳይሆን ስለ ጎተራ የማነብ መስሎኝ ነበር። ከርነልን ከርነል ይበሉት፤ ሥርዓተ ክወናን አንዴ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም» ከሚለው ጋር አጣምረው ካስተዋወቁት በኋላ በአንዱ ይጽኑ።

ጥያቄ፦ «ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ዴቢያንን መሠረት አድርገን፣ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳና የትምህርት ፕሮግራሞች የተካተቱበት የራሳችንን ሥርዓተ ክወና አዘጋጅተናል። ውክፔዲያ ላይ እንዲገባ ማድረግ የምንችለው እንዴት ነው? በተጨማሪም ሰፈራችን መብራት ስለሚቆራረጥ ስንጽፍ ይጠፋብናል፤ ኢንተርኔት ለሌላቸው ተማሪዎችስ እንዴት ይደርሳል?»

መልስ፦ ሥራችሁ የሚያስደስት ነው፤ ውክፔዲያ ላይ ግን ገና ነው፤ በእናንተ እጅ ደግሞ ጭራሹን ባይሆን ይመረጣል። ከእናንተ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች በታተመ ነገር ላይ በሰፊው ሲጽፉበት፣ ያን ጊዜ ሌላ ሰው እነርሱን ይዞ ይጽፈዋል። ዴቢያን ራሱ በ1993 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ከእርሱ የተወለዱት ሥርዓቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ የራሳቸው ጽሑፍ የላቸውም። እስከዚያው ጥሩ የሰነድ ክፍል አዘጋጁ፤ ምን ጨመራችሁ፣ ምን አወጣችሁ፣ ለምን፣ በየትኛው ቀን። ነገ ስለ እናንተ የሚጽፍ ሰው ቀንና ቁጥር የሚያገኘው ከዚያ ነው። የገጽታውን ፎቶ የውክፔዲያ ሥዕሎች በሚቀመጡበት በውክሚዲያ ኮመንስ ላይ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁም፣ በውስጡ የሚታየው ሶፍትዌር ሁሉ በነጻ ፈቃድ የወጣ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሊኑክስን ፔንግዊን፣ ቱክስን፣ ከተጠቀማችሁ ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. የሣለው ላሪ ዩዊንግ ስሙና የሣለበት ጊምፕ የተባለው ፕሮግራም እንዲጠቀሱለት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለ መብራቱ፦ በማረሚያው ሳጥን ውስጥ በቀጥታ አትጻፉ። በተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ጽፋችሁ በየአንቀጹ እያስቀመጣችሁ፣ ሲያልቅ ገልብጣችሁ አስገቡት። እኔ ሰበታ ስኖር አንድ ሙሉ የእሑድ ከሰዓት በዚህ ምክንያት አጥቻለሁ፤ የመጨረሻውን ምንጭ እያስገባሁ ሳለ ነበር የጠፋው።

ኢንተርኔት ለሌላቸው ተማሪዎች ኪዊክስ የተባለ፣ እርሱም ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም አለ። መላውን ውክፔዲያ በአንድ ፋይል አድርጎ በኮምፒውተርም በአንድሮይድ ስልክም ያለ ግንኙነት ያስነብባል፤ የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ በተራ ፍላሽ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ታዞሩታላችሁ። ፋይሉ የተዘጋጀበትን ዕለት ብቻ የሚያሳይ በመሆኑ ግን፣ ዛሬ ያረማችሁት ስሕተት አዲስ ፋይል ተዘጋጅቶ እስክታወርዱ ድረስ ተማሪዎቹ ዘንድ እንዳለ ይቆያል።